ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት መርፌ

ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ወሬ ነው። ቤቴ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ ስለሆነ ጎረቤት አሁንም በሬን ያንኳኳል። ከፋርማሲ የገዛውን መርፌ በፌስታል አንጠልጥሎ «ሲስተር አስካለ፣ አንዴ ውጊኝና ልሂድ» ይለኛል። አልወጋም። ባለፈው ሳምንት አንዱ የሰፈራችን ባለሱቅ ተቆጥቶ፣ «አቦ፣ ጡረታ የወጣሽው አንቺ ነሽ እንጂ እጅሽ መች ወጣ? ምን ይጎድልብሻል?» ብሎኝ ሄደ። ኮራች እያሉ እንደሚያሙኝም ሰምቻለሁ። ይሙኝ። የኮራሁትስ ድሮ ነበር፣ ያውም በዚሁ እጄ። ለምን እንደማልወጋ ግን አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሥራ የጀመርኩት ዋሂል ጤና ጣቢያ ነው። ከድሬ ብዙ አይርቅም፤ ለእኔ ለከተማ ልጅ ግን ያኔ የዓለም ዳር መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ዕድሜውን ሙሉ ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሽማግሌ ድሬሰር ነበር። «ሰው ያዘዘለትን ይረሳል፣ የወጋውን አይረሳም» ይለኝ ነበር። መርፌ መውጋትን ያስተማረኝ እሱ ነው። መድኃኒቱን መጀመሪያ መዳፍሽ ውስጥ አሙቂው፤ ሰውየው የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ ይመልስ፣ ያኔ ሥጋው ይላላል፤ ከወጋሽ በኋላ ትንሽ ወደኋላ ሳቢና ደም አለመምጣቱን እዪ። ያ ወተት የመሰለው ወፍራም ፔኒሲሊን ደግሞ ካመነታሽ መርፌው ውስጥ ይረጋና ሰውየውን ሁለት ጊዜ ታሰቃዪዋለሽ። ዓመት ሳይሞላኝ «የዚያች ልጅ እጅ ቀላል ነው» ተባለልኝ። ከጤና ጣቢያው አልፈው ሌላ ቦታ የሚታከሙ ሰዎች ሳይቀሩ ለመወጋት እኔ ዘንድ ይመጡ ጀመር። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

ከዚያ ወደ ከተማ ተዛውሬ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ቆየሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንደኛው በቀን ስንት ሰው እንዳየን እንጂ ስንቱ እንደዳነ ጠይቆን አያውቅም። የደመወዙን ነገር ተዉት፣ የበላው ያውቀዋል። በመጨረሻ ለቅቄ፣ ዶክተር መርሻ መጋላ ውስጥ በከፈተው ትንሽ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

መርሻ ከደጋ የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ትንሽ ትልቁ «አንተ ዶክተር» ሲለው ይደነግጥ ነበር። «ድሬ ‹አንቱ› የምትልህ ስትቀየምህ ነው፣ ዝም ብለህ ተቀበል» አልነው። ተቀበለ። እኔም እስከ መጨረሻው «አንተ» ስለው ኖርኩ።

ብዙ ሐኪም አይቻለሁ፣ እንደሱ የሚያይ ግን አላየሁም። ሰው ከውጭው በር ገብቶ አግዳሚው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ በመስኮት አረማመዱን ይከታተላል። ታካሚው ሲናገር ካርዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ እስኪጨርስ እስክሪብቶ አይነካም። ሲጨርስ «ሌላስ?» ይላል። መልሱን ሰምቶ እንደገና «ሌላስ?» ይላል። እኛ በጀርባው እንስቅበት ነበር፤ ወረፋው በር ላይ ደርሶ እሱ «ሌላስ?» ይላል ብለን። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ መጣ። የደም ግፊቱ ለወራት አልወርድ ብሎ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተጨምሮለታል። መርሻ ሦስተኛውን «ሌላስ?» ሲለው ሰውየው አቀርቅሮ ቆየና፣ «ግማሹን ለሚስቴ ነው የምሰጣት። እሷም ራሷን ያማታል» አለ። መርሻ አልተቆጣም። ሚስትየው በማግስቱ መጥታ ተመረመረች፣ የራሷ መድኃኒት ታዘዘላት፣ የሰውየውም ግፊት ወረደ። ከዚያ በኋላ ካርድ በሰው ሳይሆን በቤት እንዲቀመጥ አደረገ። አንድ ቤት አንድ ፎልደር፤ አያቱም ልጁም እዚያው ውስጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም መሳቄን ተውኩ።

አሁን ነገሩ ወደ ሆነበት ረመዳን ልምጣ። ሙቀቱ ገና በጠዋት ግድግዳውን የሚያግልበት ወቅት ነበር። ከተማውን ደግሞ ትኩሳት ይዞታል፤ ደንጊ የሚባለው፣ ትንኝ የሚያመጣው፣ አጥንት የሚሰባብረው። መርሻ አንድ ጠዋት ሰብስቦን፣ «ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ለዚህኛው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ፣ አለቀ። ዳይክሎፌናክ መርፌን እንዳትነኩት፣ ደም ያፈሳል» አለን። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አላመልጥም። በልቤ ግን ‹ይሄን መርፌ ስንቱን ወግቻለሁ፣ ማን ሞተ?› ብዬ ነበር።

ሂቦ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ታይዋን ገበያ የሴት ልብስ ትሸጣለች። ባሏ አብዲ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር። እናቷን ሆዮ ሀዋ እንላታለን፤ ሆዮ በሶማሊኛ እናት ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይጠራታል። ልጅቷን ከትንሽነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። መርሻ መረመራት፣ ደሟ ታየ፣ ወባ የለም። ኪኒኑን ጻፈላትና፣ «ውኃ በደንብ ጠጪ። ጾሙን ለጊዜው ተዪው፣ የታመመ ሰው አይገደድም። በሦስተኛው ቀን ተመለሺ» አላት። ራሷን ነቀነቀች።

ከእሱ ክፍል ወጥታ በቀጥታ እኔ መርፌ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው።

«ሲስተር፣ ኪኒን ጾሜን ያፈርስብኛል። መርፌ ውጊኝ።»

«ዶክተሩ ተዪው አላለሽም እንዴ?»

«እሱማ አለ። እስካሁን አንድ ቀን አላፈረስኩም። ሰው ሁሉ ጾሞ እያለፈ በኋላ ለብቻ ማካካስ ይከብደኛል። ምግብ ያልሆነ መርፌ አያፈርስም ብለውናል። ዋላሂ አጥንቴ ሊሰበር ነው፣ ሲስተር።»

እዚህ ላይ ራሴን ልናገር። እኔ ክርስቲያን ነኝ። በረመዳን ግን በጾመኛ ፊት ውኃ ጠጥቼ አላውቅም። ብዙ ዓመት ኪኒን የታዘዘለት ጾመኛ እኔ ክፍል ገብቶ ሲለምነኝ፣ አቻውን መርፌ ከፋርማሲ አስገዝቼ እወጋው ነበር። ሐኪሙን ማን ይጠይቃል? «ይቺ የኛ ሰው ናት» ይሉኛል። ያቺን ቃል እወዳታለሁ፣ ከምስጋናም ከስጦታም አስበልጬ። ሂቦም ስትለምነኝ ሆዴ አልቻለም። የመድኃኒቱን ስም ነገርኳት፣ ከፊት ለፊታችን ካለው ፋርማሲ ገዝታ መጣች፣ ያው መርሻ እንዳትነኩት ያለን ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ ነው። መዳፌ ውስጥ አሞቅሁት፣ ወጋኋት። «ተወጋሁ እንዴ?» ብላ ሳቀች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ለቅቋት ወደ ታይዋን ሄደች። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፣ ደግሜ ወጋኋት። ካርዷ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ?

በሦስተኛው ቀን መርሻ፣ «ሂቦ አልመጣችም?» አለኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው በቀጠሮው ካልመጣ ቤቱ ድረስ ሰው የሚልክ ሐኪም ነው። «ትናንት አይቻታለሁ፣ ደህና ናት» አልኩት። አመነኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ደግፋት መጣች። ቴርሞሜትር አደረግሁላት። ትኩሳት የለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወደ መርሻ ክፍል ብቅ ብዬ፣ «የሂቦ ትኩሳት ለቀቃት» አልኩት። ሰው እየመረመረ ነበር። የያዘውን አቋርጦ ተነሣ።

«እኔ ይሄን ትኩሳት የምፈራው ሲለቅ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ያኔ ነው» አለኝ እያለፈ።

እጇን ያዘ። በዚያ ሙቀት እጇ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የልብ ምቷን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። ድዷን ገልጦ አየ፤ በጥርሶቿ ሥር ደም ተጋግሯል። ሆዷን ሲጫናት አቃሰተች። ግፊቷን ለካሁ፤ በጣም ወርዷል፣ ቁጥሩን ነገርኩት። ቀሚሷ ሥር፣ እኔ የወጋሁበት ቦታ ላይ ምን እንዳለ ማንም አላየም። እኔ ግን አልጋው ላይ ስትገላበጥ በዚያ በኩል መተኛት እንዳቃታት አይቻለሁ።

«ከኪኒኑ ሌላ ምን ወሰድሽ?» አላት።

ሂቦ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን መልሳ፣ «ኪኒኑን ብቻ» አለችው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሂቦ፣ ሌላስ? የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ መርፌም ቢሆን።»

«የለም አልኩህ እኮ» አለች ደክሟት።

ወደ እናቷ ዞረ። ሆዮ ሀዋ ኪኒኑን ስትውጥ አላየሁም፣ ሌላም ነገር አላየሁም አለች። ወደ እኔ ዞረ። የግፊት መለኪያውን ጨርቅ እየጠቀለልኩ ነበር። መጠቅለሉን ቀጠልኩ። ያቺ ልጅ በዚያ ሁኔታዋ ለእኔ ዋሽታልኛለች፤ እኔ አፌን መክፈት አቃተኝ።

ወደ ሆስፒታል የሚላከውን ወረቀት ጻፈ። አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። «ከፓራሲታሞል በቀር የወሰደችው መድኃኒት የለም» ይላል። በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማህተም አደረገበት። ባጃጅ ተጠራ፣ እናትና ልጅ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለፈችውን አንድ ሰዓት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሥራዬን ሠራሁ። የአንድ ሰውዬ ቁስል አጠብኩ፣ ለአንድ ሕፃን ትኩሳት ለካሁ። በልቤ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ‹ራሷ የለም ብላለች። ሆስፒታሉ ደንጊ መሆኑን ያውቃል፣ የሚያደርገውን ያደርጋል። ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ስሜ በሰፈሩ ይጠፋል።› እንደገና ደግሞ ያ ደም የተጋገረበት ድዷ ይመጣብኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጠላሁ።

በዚህ መሀል ታይዋን ከሂቦ አጠገብ የምትሸጥ አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ትኩሳት ይዟታል፣ ፊቷ ቀልቷል። በእጇ ፌስታል ይዛለች። «ሲስተር፣ ለሂቦ የወጋሻትን እኔንም ውጊኝ። ገዝቼ ነው የመጣሁት፣ ኪኒን እንዳልውጥ ጾም ላይ ነኝ» አለችኝ።

ገበያው በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። የማያውቀው አንድ መርሻ ብቻ ነው፣ ከእሱ ሌላ ደግሞ ሂቦን የያዙት ሐኪሞች። ፌስታሉን ከእጇ ወሰድኩና መርሻ ክፍል ገባሁ። ታካሚ ነበረው። በሰውየው ፊት፣ «ሂቦን ሁለት ቀን ዳይክሎፌናክ ወግቻታለሁ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልጮኸም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አንሥቶ ሆስፒታል ደወለ፣ አይነሣም። ደገመ፣ አይነሣም። «ሂጂና በአፍሽ ንገሪያቸው። መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም» አለኝ።

ጋዎኔን ሳላወልቅ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቋል፣ ባለባጃጁ በጥሩምባ ብቻ ይታገላል። «ምን ሆነሽ ነው ሲስተር፣ የቤተሰብ ሰው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ሂቦ ግሉኮስ ተተክሎላታል። የያዛት ወጣት ሐኪም የሆዷ ሕመም ምን እንደሆነ ሌላ ሌላ ነገር እየጠረጠረ ነበር። ነገርኩት። ስንት ሚሊ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ጎን። የወጋሁበትን ቦታ ገልጠን አየን፤ ከመዳፍ የሚሰፋ ጥቁር ሆኗል። ሐኪሙ እናቷን ስለ ሰገራዋ ጠየቃት። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ የጾም ድርቀት መስሎኝ ነው» አለች። ወዲያው ደም እንዲፈለግ አዘዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄ ወረቀቱ ላይ ቢኖር ደሙን ከአንድ ሰዓት በፊት እጠይቅላት ነበር» አለኝ።

የእኔ ደም ከእሷ አይገጥምም ተባለ። የአብዲ ጓደኞች፣ ሾፌሮች፣ ተጠርተው መጡ። ሁሉም ጾመኞች ናቸው። ለደም መስጠት ምግብ ያስፈልጋል ሲባሉ ሦስቱ ወዲያው ወጥተው ጾማቸውን አፍርሰው ተመለሱ። እኔ ጾሟን ላስጠብቅላት ብዬ ያመጣሁት ጣጣ ነው ይሄ ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ስመለስ መርሻ የእነ ሂቦን ቤት ፎልደር ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። «ጻፊው» አለኝ። በሂቦ ካርድ ላይ፣ ከእሱ ትእዛዝ ሥር፣ የወጋሁትን፣ ማንንም አለመጠየቄን፣ ሲጠየቅም ዝም ማለቴን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ወረቀቱን ተቀበለኝና ከእኔ ሥር እሱ ደግሞ ጻፈ፦ «ጾመኛ መሆኗን እያወቅሁ የኪኒኑን ሰዓት ከምሽቱ አፍጥርና ከሌሊቱ ሱሁር ጋር አላስማማሁላትም። ጾሙን ተዪ ስላት ራሷን ነቀነቀች፤ ተስማማች ብዬ አለፍኩ።»

«ያንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት።

«አፍጥር ላይ ሁለት፣ ከመተኛትሽ በፊት ሁለት፣ ሱሁር ላይ ሁለት ብላት ኖሮ አንቺ ክፍል ምን ያስገባታል? ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንቺ ሳትጠይቂኝ ቀየርሽ፣ እኔ ሳልጠይቃት አዘዝኩ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እስክወጣ ድረስ በዚያ ክሊኒክ ለጾመኛ የሚታዘዝ ኪኒን ሁሉ ሰዓቱ ከታካሚው ጋር እየተነገረ ይጻፍ ነበር። ኪኒኑ በጾም ሰዓት መዋጥ ካለበት ደግሞ ለምን እንደሆነ እስኪገባው ይነገረዋል። እኔም ካርድ ላይ ያልተጻፈ መርፌ ከዚያ በኋላ ወግቼ አላውቅም። በሬን የሚያንኳኳ ጎረቤት ደግሞ ካርድ የለውም፤ ለዚህ ነው የማልወጋው።

ለሂቦ እናት መንገር ግን ቀርቶኝ ነበር። መርሻ ፎልደሩን ዘግቶ፣ «ለሐኪሙ ነግረሻል፣ ለእኔ ነግረሻል። ልጅቷ የማን ናት?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ሌሊቱን ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷታል። ዳግመኛ ደሟ ተወስዶ ውጤቱ እየተጠበቀ ነው፤ የደሟ መጠን ቁጥር ወርዶ ከተገኘ ተስፋው የመነመነ ነው ብለው ለእናቷ ነግረዋታል። ሆዮ ሀዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ፊቷ ቆምኩ። ትናንት ለሐኪሙ ስናገር በአማርኛ ነበር፣ ያውም እየተጣደፍኩ፤ ሁሉን እንዳልተከታተለች አውቃለሁ። አሁን እየተንተባተብኩ በሶማሊኛዬም በአማርኛም እያደረግሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። መርፌውን። ዝምታዬን። ያቺን አንድ ሰዓት።

ስጨርስ መቁጠሪያው ጣቶቿ መሀል ቆሟል።

«መርፌውን ልጄ ለምናሻለች» አለችኝ። «አንቺም አዝነሽላት ነው። እሱን ለአላህ ሰጥቻለሁ። ዶክተሩ ሲጠይቃት ልጄ የዋሸችው ለአንቺ ብላ ነው። አንቺ ዝም ያልሽው ለማን ብለሽ ነው?»

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ደንግጬ ነው፣ ግራ ገብቶኝ ነው፣ እሷ ራሷ የለም ስላለች ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስደረድረው ያደርኩት። ሁሉንም ተውኩት።

«ለራሴ» አልኳት።

ከዚያ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውጤቱን ጠበቅን። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሙ ወረቀት ይዞ መጣ። ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ መድማቱም እየቆመ ነው፣ ትተርፋለች አለን። ሆዮ ሀዋ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ሁለት እጇን ከፍታ የሆነ ነገር አነበነበችና ፊቷን አበሰች። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ወደ ክፍሉ በር አመለከተችኝ።

«በይ ግቢና አሁን ለእኔ ያልሽውን ለእሷም በይላት» አለችኝ።

ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ገባሁ።